የፈረስ ጭራ፣ የገብስማ ላባና የዌብ ወንዝ

ዓሣን በሰው እጅ በተሠራ ዝንብ አታልሎ የመያዝ ጥበብ ወሬው ወደ እኛ የደረሰው ከባዕዳን መኳንንት ጋር ተያይዞ ስለ ሆነ፣ ከሩቅ ለሚመለከተው ሰው የባለጸጎች መዝናኛ እንጂ የሌላ የማንም አይመስልም። በባሕር ማዶ ሱቆች በመስታወት ውስጥ ተደርድረው የሚታዩት ከካርቦን የተሠሩ ዘንጎች፣ የክር መጠቅለያዎች፣ እስከ ደረት የሚደርሱ ውሃ የማያስገቡ ሱሪዎችና ኪሳቸው የማይቆጠር ሰደርያዎች ዋጋቸው ሲደመር ለአንድ መምህር የብዙ ወራት ደመወዝ ይሆናል። በባሌ፣ በዲንሾ አጠገብ በሚወርዱት ቀዝቃዛ ወንዞች ውስጥ ትራውት የሚባለው ዓሣ መኖሩን የሚያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ፣ ዋጋውን ከሰማ በኋላ ነገሩን ለውጭ አገር እንግዶች ትቶ ወደ ቀይ ቀበሮው መመልከት ይመርጣል። እኔን ግን ወደ ባሌ የመራኝ የጥንት ሰዎች ጽሑፍ ነው።

በሁለተኛው ምእት ዓመት ማብቂያና በሦስተኛው መባቻ የነበረው ሮማዊው ጸሐፊ ኤልያኖስ ስለ እንስሳት ጠባይ በጽርእ ቋንቋ በደረሰው መጽሐፉ ውስጥ፣ በመቄዶንያ ሀገር በቤርያና በተሰሎንቄ መካከል በሚፈስስ ወንዝ ዳር የሚኖሩ ሰዎች በመንጠቆ ላይ ቀይ የበግ ጠጉር ጠምጥመው፣ ከአውራ ዶሮ ጉሮሮ ሥር የሚበቅሉ መልካቸው የሰም የሆነ ሁለት ላባዎች አክለው፣ ዘንጋቸው ስድስት ጫማ፣ ክራቸውም የዚያኑ ያህል ሆኖ፣ ገላው ነጠብጣብ ያለበትን ዓሣ እንዴት እንደሚያጠምዱ ይተርካል። ቅዱስ ጳውሎስና ሲላስ በሌሊት ከተሰሎንቄ ወጥተው ወደ ቤርያ በሄዱ ጊዜ ምናልባት ይህንኑ ወንዝ ተሻግረው ይሆናል፤ ነገር ግን በችኮላ ላይ ስለ ነበሩ ስለ ዓሣው የጻፉልን ነገር የለም። በእንግሊዝ ሀገርም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1496 ዓ.ም. የታተመውና በአንዲት እመ ምኔት ስም የሚጠራው የዓሣ ማጥመድ ድርሳን ዘንጉን ከዱር እንጨት፣ ክሩን ከፈረስ ጭራ፣ መንጠቆውን ደግሞ የመስፊያ መርፌን በእሳት አግሎ በማጉበጥ መሥራትን ያስተምራል፤ ዐሥራ ሁለት ዓይነት ዝንቦችንም ይዘረዝራል፤ አጥማጁም ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይዝ ይገሥጻል። እንግዲህ የፈረስ ጭራና የዶሮ ላባ ከሆነ የሚያስፈልገው፣ ከባሌ የበለጠ ለዚህ የተመቸ አገር ወዴት ይገኛል?

ከአዲስ አበባ ወደ ስምጥ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ በመጀመሪያ የሚያገኘው ዓሣ የጨዋታ ዓሣ አይደለም። በዝዋይ ሐይቅ ላይ ያሉት የዛይ ሰዎች፣ በዮዲት ዘመን ከሰሜን የተሰደዱ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው በደሴቶቻቸው እንደ ተጠለሉ በትውፊት የሚናገሩት፣ ዓሣን የሚያውቁት በመረብና በዕለት እንጀራ ነው። የክርስቲያኑ ሕዝባችን ነገር ሁልጊዜ ያስገርመኛል፤ ሐዋርያቱ አጥማጆች መሆናቸውን ከሕፃንነቱ ጀምሮ እየሰማ፣ መቶ ኀምሳ ሦስቱን ዓሣ በቅዳሴና በስብከት እየቆጠረ አድጎ፣ በጾም ጊዜ ዓሣ ይበላል አይበላም በሚለው ላይ ግን ከቤተ ሰብ እስከ ጉባኤ ሲከራከር ይኖራል፤ ደገኛውም አብዛኛው ክርክሩን የሚያውቀው ዓሣውን ሳያውቅ ነው። በወንጌል ውስጥ የሚነገረው ዓሣ ማጥመድ ሁሉ ማለት ይቻላል በመረብ ሲሆን፣ በመቃጥን የተያዘው አንዱ ብቻ፣ ቅዱስ ጴጥሮስ የግብሩን ብር በአፉ ውስጥ ያገኘበት ዓሣ ነው። የማጥመጃውን ወጪ በአንድ ጊዜ የመለሰ አጥማጅ ከእርሱ በቀር ስለ መኖሩ አልሰማሁም።

በሐዋሳ አሞራ ገደል ከሚባለው የዓሣ ገበያ ጧት መድረስ ይገባል። ጀልባዎቹ ሲጠጉ አባ ኮዳዎቹ በረጅም እግራቸው ተሰልፈው የሚጣለውን አንጀት ይጠብቃሉ፤ ልጆች በትንንሽ ቢላዋ የቆሮሶውን ቅርፊት ከሰው አፍንጫ ፊት እየፈነጠቁ ይገፍፋሉ፤ ሴቶች በትልልቅ መጥበሻ የተሰነጠቀውን ዓሣ በዘይት እየጠበሱ ከዳጣ ጋር ያቀርባሉ፤ ጥሬውንም በሎሚና በሚጥሚጣ የሚበላ አለ። እኔ የተጠበሰውን መርጬ ከጨረስሁ በኋላ፣ በድንጋዩ ላይ ተቀምጠው በትል ከሚያጠምዱት ብላቴኖች መካከል ዕድሜው ዐሥራ ሁለት የሚሆነውን ጠጋ ብዬ መንጠቆውን እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። ለአምባዛ የሚሆነው መንጠቆ የሰው ጣት የሚያህል ነው፤ ይህ ልጅ ግን ከባርኔጣው ጥለት ላይ ሰክቶ የያዛቸው የገብስ ፍሬ የሚያህሉ ትንንሾች ነበሩት። “ጋሼ፣ በዚህ የሚያዘው ትንንሹ ነው፤ ምን ያደርግልሃል?” አለኝ። ያለ ትል፣ በላባ ብቻ ላጠምድበት መፈለጌን በነገርሁት ጊዜ ጓደኞቹን ጠርቶ ነገሩን እንድደግምላቸው አደረገ። ከሳቁ በኋላ ግን ጥቂት መንጠቆዎች ለአንድ ሻይና ለአንድ አንባሻ በሚበቃ ገንዘብ ሸጠልኝ፤ በጠቅላላው ጉዞ ውስጥ ለብረት ያወጣሁት ወጪ ይኸው ነው።

ዘንጉ የመጣው ከሻሸመኔ ነው። በሲዳማ ደጋ፣ በሀገረ ሰላም ዙሪያ የሚበቅለው ቀርከሃ ለቤት፣ ለአጥርና ለቅርጫት ሲባል እየተቆረጠ ወደ ገበያ ስለሚወርድ፣ ቁመቱ ከሰው ቁመት እጥፍ የሆነ፣ ጫፉ ቀጭን፣ አንጓው የተቀራረበ አንድ ዘለላ መምረጥ አስቸጋሪ አይደለም፤ አስቸጋሪው ደረቁን ከእርጥቡ መለየት ነው። እርጥብ ቀርከሃ ሲጎብጥ ጎብጦ ይቀራል፤ የደረቀው ግን ሲለቁት ይመለሳል፤ ዓሣውንም የሚያደክመው ይህ መመለሱ ነው። ቀርከሃ ሻጩ አዛውንት ሁለቱን ከጆሮዬ አጠገብ በጥፍራቸው እያንኳኩ ድምፁን አሰሙኝ፤ የደረቀው ጥርት ብሎ ይጮኻል። ጥቂት የጎበጠውንም በከሰል እሳት ላይ እያዟዟሩ በጉልበታቸው አቀኑልኝ፤ ለዚህ ሥራቸው ተጨማሪ ዋጋ ለመቀበል እምቢ አሉ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ወደ ምሥራቅ ይወጣል። ኮፈሌ ላይ እንሰቱና ገብሱ ጎን ለጎን ይታያሉ፤ ብርዱም ይጀምራል፤ ዶዶላና አዳባ ሲደርስ አገሩ የፈረስ አገር መሆኑን ለመረዳት መጠየቅ አያስፈልግም። የአርሲና የባሌ ኦሮሞ ፈረሰኛ ጋቢውን ወይም ካቦርታውን ደርቦ፣ ያማረ ኮርቻ ጭኖ ወደ ገበያ ሲሄድ ያየ ሰው፣ ሰውየው እህል ሊሸጥ ሳይሆን የፈረሱን አረማመድ ሊያሳይ የወጣ ይመስለዋል።

በዶዶላ ገበያ ላባ ፍለጋ የወጣሁበትን ነገር እዚህ ላይ ማለፍ አይቻልም። በዓለም ላይ ያሉ የዝንብ ሠሪዎች ከሌላው ሁሉ አስበልጠው የሚፈልጉት፣ በውድ ዋጋም የሚገዙት፣ ነጭና ጥቁር እየተፈራረቀ የተሸነተረውን የአውራ ዶሮ አንገት ላባ ነው፤ በውሃ ላይ ሲወርድ ቀለሙ ሳይለይ እየተርገበገበ ሕይወት ያለው ነገር ስለሚመስል። ይህም እኛ ገብስማ የምንለው ዶሮ ነው። ነገር ግን በሀገራችን ገብስማ ዶሮን ለይቶ የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የባለ ዛር መልእክተኛ ሆኖ ስለሚገመት፣ ሻጯ እናት ከእግሬ እስከ ራሴ ተመልክተውኝ፣ “ልጄ፣ ማን ላከህ?” ብለው ጠየቁኝ። “እማማ፣ ማንም አልላከኝም፤ የምፈልገውም ላባውን ብቻ ነው” ማለቴ ነገሩን አባሰው። በመጨረሻ ዶሮውን ገዝቼ ላረፍሁበት ቤት ባለቤት ሰጠኋት፤ እርሷ ወጡን ሠራች፣ እኔ የአንገቱን ላባ ለብቻ አጥቤ በጋዜጣ ጠቀለልሁ፤ በዚያ ምሽትም አንዳች ሳይባክን ሁለት ጉዳይ ተፈጸመ።

የፈረስ ጠጉርን ዲንሾ ድረስ አልገዛሁም። የዲንሾ አጥቢያ ኗሪ የሆኑ አንድ አዛውንት ባለፈረስ፣ በእንጨት ጭስ ከታጠነ ዕቃ የተቀዳ ወተትና በቅቤ የተለወሰ ጩኮ አቅርበውልኝ ከበላሁ በኋላ ጉዳዬን ሰሙ። እኔ የፈረሱን ጭራ ትንሽ ለመከርከም እንዲፈቀድልኝ ነበር ያሰብሁት። እርሳቸው ግን እጃቸውን አንሥተው፣ “አይሆንም ልጄ፤ ጭራው የተቆረጠ ፈረስ ዝንቡን በምን ይከላከላል?” አሉኝ። ከዝንብ መከላከያው ዝንብ መጣያ ሊሠራ የመጣ ሰው መሆኔን ባሰብሁ ጊዜ መልስ አጣሁ። ከዚያም ራሳቸው ተነሥተው በጣቶቻቸው ጭራውን እያበጠሩ ሊወድቁ የደረሱትን ረጃጅም ጠጉሮች ብቻ እየመረጡ በመዳፌ ላይ ያኖሩልኝ ጀመር። ከወንዱ እንጂ ከባዝራዋ አልወሰዱም፤ የባዝራ ጭራ በሽንቷ ስለሚረጥብ ይሰባበራል አሉ። የእንግሊዝ አጥማጆች በጥንት ጊዜ የጻፉት ይህንኑ ቃል በቃል ነው፤ የዲንሾው አዛውንት ግን ያገኙት ከመጽሐፍ አይደለም፣ ጭራ ከሚሠሩና መሰንቆ ከሚወጥሩ ሰዎች ነው።

ክሩን የፈተልሁት በደጃፋቸው ተቀምጬ ነው። ጠጉሩ አስቀድሞ በውሃ መራስ አለበት፤ ደረቁ አይታዘዝም። ወፍራሙ ሥር ከቀጭኑ ጫፍ ጋር እየተገላበጠ ይስተካከላል፤ በአንድ ወገን ይቋጠራል፤ ሁለት እኩል ክፍል ሆኖ እያንዳንዱ ወደ ቀኝ ሲጠመዘዝ ሁለቱ ተጣምረው ወደ ግራ ይዞራሉ፤ በዚህም ምክንያት ሲለቁት አይፈታም። ከዘንጉ ጫፍ የሚታሰረው ክፍል ዐሥር ጠጉር ያህል ይይዛል፤ ቀጣዩ ስምንት፣ ከዚያ ስድስት እየተባለ እስከ ሦስት ይቀንሳል፤ ቁራጮቹም በቋጠሮ ተያይዘው ክሩ ከዘንጉ እኩል ሲሆን ይበቃል። መጨረሻው ላይ አንድ ክንድ የሚያህል ቀጭን ናይለን ጨመርሁበት፤ የጥንቱን ሥርዓት ፈጽሞ ለመጠበቅ የሚሻ ሰው ይህን ሊነቅፍ ይችላል፤ ነገር ግን አንድ የፈረስ ጠጉር ለብቻው ብርቱ ዓሣ እንደማይችል እነርሱም ያውቁት ነበር። የክሩ መቅጠን ለውበት አይደለም። በዚህ ዓይነት ማጥመድ የሚወረወረው እርሳስ ወይም ድንጋይ ስላልሆነ፣ ክብደት የሌላትን ዝንብ ተሸክሞ የሚሄደው የክሩ የራሱ ክብደት ነው፤ ከዘንጉ የተነሣው ኃይል ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ እየተላለፈ ሄዶ በመጨረሻ ሲያልቅ ዝንቧ ውሃው ላይ በቀስታ ታርፋለች።

የዌብ ሸለቆ ከዲንሾ በላይ ሲወጡ ይከፈታል። ኮሶውና ጽዱ ወደ ኋላ ቀርቶ አስታው ይተካል፤ ከዚያም ሣሩ ብቻ ይቀራል፤ በሣሩም ውስጥ ፍልፈሉ ራሱን ብቅ አድርጎ ሲገባ ቀይ ቀበሮው ጆሮውን አቁሞ ሲጠባበቅ ይታያል። በዚሁ ሸለቆ በፊንጫ ሀበራ የዋሻ መጠለያ፣ በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት የነበሩ ሰዎች እሳት እያነደዱ፣ ይህንኑ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ እንደ ነበር ተመራማሪዎች በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጽሑፍ አስታውቀዋል። እነዚያ የጥንት አባቶች ከዋሻቸው ወርደው ወደዚህ ውሃ ቢመለከቱ ግን ትራውትን ባላዩ ነበር። ይህ ዓሣ የዚህ አገር ተወላጅ አይደለም፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ማብቂያ ገደማ ከኬንያ መጥቶ በዌብ፣ በዳንካና በሻያ ውሃዎች የተለቀቀ ነው፤ ወደ ኬንያ ደጋም ቡናማው ትራውት የገባው በአውሮፓውያኑ 1905 በቅኝ ገዢዎች ትጋት ከስኮትላንድ ነው፤ ባለ ቀስተ ደመናው ደግሞ የዘሩ መነሻ በሰላማዊ ውቅያኖስ ዳር ባሉት የአሜሪካ ወንዞች ነው። ይህ መጻተኛ ዓሣ በምድር ወገብ አጠገብ ሊኖር የቻለው ከፍታው የውሃውን ቅዝቃዜ ስለ ጠበቀለት ብቻ ነው። ያመጡት ሰዎች የራሳቸውን አገር ጨዋታ እንጂ የወንዙን የቀድሞ ነዋሪዎች አስበው ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ዩኔስኮ በአውሮፓውያኑ 2023 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሀብቱ በዚህ ብቻ የሚገኙ ፍጥረታት ናቸውና፣ ትራውት በዚያ መዝገብ የሚያስመካ ስፍራ የለውም።

ከመወርወር በፊት ድንጋይ መገልበጥ ይገባል። ከወንዙ ያነሣሁት ጠፍጣፋ ድንጋይ ከበታቹ አሸዋን በራሷ ሐር እየለጠፈች የጥፍር ቁመት ያላት ቤት ሠርታ የምትኖር ትል፣ ሦስት ጭራ ያላት ጠፍጣፋ እጭም ተጣብቀውበት ነበር። ይህችኛይቱ ወራቷን በሙሉ በውሃ ውስጥ ከኖረች በኋላ ክንፍ አብቅላ ስትወጣ የሚበላ አፍ የላትም፤ እንደ ባሕታዊ ጾማ፣ ተራክቦዋንና ዕንቁላሏን መጣሏን ፈጽማ በአንድ ቀን ወይም በጥቂት ቀን ውስጥ ታልፋለች። ዓሣው የሚጠብቀው እርሷን ስለ ሆነ፣ ገብስማውን ላባ በመንጠቆው ዙሪያ ሁለት ጊዜ ብቻ ጠምጥሜ፣ ገላውን ከግራጫ የበግ ጠጉር ቀጭን አድርጌ ያሰርሁት እርሷን አስመስዬ ነው። ለዚህ ሥራ የተሸጠ ዕቃ ሁሉ ቢሰበሰብ ይህን ድንጋይ ገልብጦ ማየትን አይተካም።

ትራውት ራሱን ወደ ወራጁ መልሶ፣ ከድንጋይ ጀርባ ውሃው በሚያርፍበት ስፍራ ቆሞ የሚመጣለትን ይጠብቃል። ስለዚህ አጥማጁ ከበታች በኩል፣ ጥላውን ከውሃው አርቆ፣ እግሩን እያለዘበ ይጠጋል፤ የጫማ ኮቴ በሣሩ ምድር ላይ ሲረግጥ ዓሣው ይሰማዋል። የእጁ ክርን ከጎኑ አይለይም፤ ዘንጉ ወደ ኋላ ተነሥቶ ከራስ በላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ክሩ በስተኋላ እስኪዘረጋ ድረስ ትንፋሽ ያህል ይጠበቃል፤ ከዚያ ወደ ፊት ይሰደዳል። የጀማሪ ሁሉ ችግር ይህችን ትንፋሽ ያህል አለመታገሥ ነው። ዝንቧ ካረፈች በኋላም ክሩ እንዳይጎትታት፣ ውሃው በሚወስዳት ፍጥነት ብቻ እንድትሄድ መተው ያስፈልጋል፤ ጥቂት እንኳ ከተጎተተች ዓሣው ሐሰቷን ያውቃል።

ዓሣው ዝንቧን በነጠቀ ጊዜ ቀርከሃው እስከ እጄ ድረስ ተንቀጠቀጠ። ቡናማው ዓይነት ነበር፤ ርዝመቱ ከስንዝር ጥቂት ያለፈ፤ ጎኑ ላይ ያሉት ቀይ ነጠብጣቦች እያንዳንዳቸው በነጣ ያለ ክብ ተከብበዋል፤ ሆዱ ወደ ቅቤ ቀለም ያደላል። እጄን አስቀድሜ አርሼ ያዝሁት፣ ደረቅ እጅ የገላውን ልጋግ ይገፍፈዋልና፤ የመንጠቆውን ሹል እሾህ በጉጠት ጨፍልቄው ስለ ነበር ያለ ደም ወጣ፤ ራሱን ወደ ወራጁ መልሼ ጥቂት ደግፌው ሄደ። አብረውኝ የወጡት የዲንሾው አዛውንት ከፈረሳቸው ሳይወርዱ ይህን ሁሉ ተመልክተው ነበር። “የምትለቀው ከሆነ ስለ ምን ያዝኸው?” አሉኝ። እንዳያልቅ ነው ብዬ ለማስረዳት ሞከርሁ። “እንዳያልቅ ከሆነ አለመያዝ ይቀላል። ርቦህ ከሆነ ደግሞ ብላው፤ እኛ ከብት አርቢዎች ዓሣ አንበላም፤ የበላውን ግን አንነቅፍም” አሉ። በዓለም ያሉ ዓሣ አጥማጆች በብዙ መጽሔቶች የሚከራከሩበት ነገር በፈረስ ላይ በተቀመጡ ሰው አፍ በሁለት ዐረፍተ ነገር ሲያልቅ ሰማሁ፤ እስካሁንም የማፈርስበት ምክንያት አላገኘሁም። ስለዚህ ቀጥሎ የያዝሁትን፣ ከፓርኩ በተሰጠኝ ፈቃድ መሠረት፣ በጨው ብቻ ጠብሼ ከገብስ ቂጣ ጋር በላሁት። ሥጋው የጠበቀና ንጹሕ ነው፤ የአሞራ ገደል ቆሮሶ ግን በእኔ ምላስ ይበልጠዋል።

ይህን መንገድ ለመከተል የሚወድ አንባቢ ቢኖር፣ ዝናሙ አልፎ ውሃው በሚጠራበት በበጋው ወራት ይሂድ፤ ወንዝ ዳር ከመድረሱ በፊት ዲንሾ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት የማጥመድ ፈቃድ ይጠይቅ። ቀርከሃውን ከመንገዱ፣ ላባውን ከወጥ ቤት፣ ጠጉሩንም ከፈረሱ ባለቤት በምርቃት ያገኛል፤ የተቀረው ወጪ ከትንንሽ መንጠቆና ከአንድ ጥቅል ናይለን አያልፍም። የፈረስ ጠጉሩ በሜዳ ቢቀር ይበሰብሳል፤ ናይለኑ ግን አይበሰብስም፣ የወፍም እግር ያስራል፤ ቁራጩን ሁሉ ለቅሞ በኪሱ ይዞ ይመለስ።